ሽፍታው አልለቅ ካላችሁ ከምግቡ በፊት ክኒኑን ጠርጥሩ

ብድግ ብሎ የሚያሳክክ፣ በሰዓታት ውስጥ ምልክት ሳይተው የሚጠፋ፣ ተመልሶ ሌላ ቦታ የሚወጣ እብጠት ከ6 ሳምንት ካለፈ ሥር የሰደደ አርቲኬሪያ ይባላል። እዚህ ከደረሰ በኋላ «ምን በልቼ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ ነው የምጽፈው።

ምን እንደሚያባብሰው ለመለየት መዝገብ ያዙ፤ ቀላል ነው። ማታ ማታ ለዕለቱ እብጠት ከ0 እስከ 3፣ ለማሳከኩም ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስጡና የ7 ቀኑን ደምሩ፤ ጣሪያው 42 ነው። ከጎኑ የዋጣችሁትን ክኒን ሁሉ ጻፉ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ የአለርጂ የደም ምርመራው ነው። ረጅም ዝርዝር ተሰጠኝ፦ እንቁላል ይቅር፣ ወተት ይቅር፣ ስንዴ ይቅር። ስለምውጠው ክኒን ግን የጠየቀኝ የለም። ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ቢልም ሽፍታውን ያመጣው ያ ምግብ ነው ማለት አይደለም። የምግብ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ ያው ምግብ በተበላ ቁጥርም ይመለሳል። ትናንት በልታችሁት ምንም ያላደረጋችሁን ምግብ ዛሬ አትክሰሱት።

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ከታማሚዎቹ የተወሰኑትን ክፉኛ ያባብሱባቸዋል። ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ስለሚዋጡ «መድኃኒት ትወስዳላችሁ?» ሲባል ማንም አይቆጥራቸውም። አብዛኛው ሰው ፓራሲታሞል ይስማማዋል። ለልብ የታዘዘን አስፕሪን ግን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ሙቀት፣ አልኮል፣ ጭንቀትና ጉንፋንም ያባብሱታል። አታላዩ ጫና ነው፦ ከባድ ቦርሳ ወይም ቀበቶ የተጫነው ቦታ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ሊያብጥ ይችላል። የማታው እብጠት በእራቱ ሳይሆን ቀን በተሸከማችሁት ሊሆን ይችላል።

የማሳከክ ማስታገሻ ክኒኑ፣ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን፣ 10 ሚሊግራም በየቀኑ ይወሰዳል እንጂ እስኪያሳክክ አይጠበቅም። ማሸጊያው «በቀን አንድ» ይላል፤ ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ታይቶ ካልበቃ ሐኪም እስከ 4 እጥፍ እንዲያሳድገው ይፈቅዳል። ራሳችሁ አትጨምሩ፤ ግን ጠይቁ። እንቅልፍ የሚያመጣውን የቆየ ማስታገሻ፣ ክሎርፌኒራሚንን፣ አልመክርም። በየጊዜው ስቴሮይድ መወጋትን ደግሞ አጥብቄ እቃወማለሁ፦ ለጊዜው ያስታግሳል፣ ሲያልቅ ሽፍታው ይመለሳል፣ አጥንትና ስኳር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ይጠራቀማል።

አንድ እብጠት እዚያው ቦታ ከ24 ሰዓት በላይ ቆይቶ በልዞ ከቀረ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ናሙና ይወሰድላችሁ። ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።