በመኪና ግርግር የተሰፋ ድንኳን

ድንኳኑ የተቀደደበት መንገደኛ ሐረር ከገባ ወዴት ልሂድ ብሎ አይጨነቅ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ፣ መኪና ግርግር የሚባለው፣ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። በየደጃፉ የስፌት መኪናው ይንጫጫል፤ ቀለም በቀለም የሆነ ጨርቅ ከግንቡ ላይ ተንጠልጥሏል። ንፋስ የጎዳውን ድንኳናችንን ተሸክሜ የገባሁት እዚህ ነው።

ጉዳቱ የደረሰው በዳካታ ሸለቆ ነው። ዳካታ ከሐረር በስተምሥራቅ፣ ባቢሌን አለፍ ብሎ በጅግጅጋ መንገድ የሚገኝ የቋጥኝ አገር ነው። ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ቆሟል፤ ለዓይን ድንቅ ነው፣ ለድንኳን ግን ክፉ። መሬቱ ችካል አይቀበልም፤ በቋጥኞቹ መካከል የሚሽከረከረው ንፋስም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የመጋቢት ዝናብ ከመውረዱ በፊት የተነሣው ንፋስ አንዱን የአሉሚኒየም ዘንግ ሰበረው። የተሰበረው ጫፍ የላይኛውን ሽፋን በሳ፣ ሽፋኑም ግራር ላይ ሄዶ ሲያርፍ ቀዳዳው ከስንዝር በላይ ተተረተረ።

አረጋዊው ልብስ ሰፊ ሽፋኑን በጣቶቻቸው መካከል አሽተው ወደ ብርሃን አነሡት። ከመስፋታቸው በፊት መታጠብ እንዳለበት ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። «አቦ፣ የጨርቁን ነገር እኔ አውቃለሁ፤ የላስቲኩን ነገር አንተ ንገረኝ» አሉኝ። ይህን የመሰለ ባለሙያ ያጋጠመው ሰው ዕድለኛ ነው።

የላስቲኩ ነገር እንዲህ ነው። ሽፋኑ ፖሊስተር ሲሆን ውኃ የማያስገባው ውስጡ በፖሊዩረቴን ስለተቀባ ነው። ቅባቱ ላይ አቧራ ካለ ማጣበቂያ አይይዝም። ስለዚህ ሽፋኑን በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በስፖንጅ ብቻ አጠብነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቅባቱን ልጦ ይጨርሰዋል። ያደረቅነው ጥላ ውስጥ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ የድንኳን ጨርቅ ትበላለች። በመጨረሻም የቀዳዳውን ዙሪያ በአልኮል ጠረግሁት።

እራፊውን ከድንኳኑ ማስቀመጫ ከረጢት ቆረጥን፤ ጨርቁ ተመሳሳይ ነው። ማዕዘኑን ክብ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይገለበጣል። የጂንስ መርፌውን አውጥተው ቀጭን አስገቡ። የጥጥ ክር ርጥበት ስለሚያበሰብሰው የፖሊስተር ክር መረጡ፤ ስፌቱንም ሰፋ ሰፋ አድርገው ወሰዱት፤ የተጠጋጋ ስፌት ጨርቁን እንደ ቴምብር ጠርዝ በስቶ ያስቀድደዋል። እኔ የማውቀው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው፦ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ውኃ ያስገባል። በስፌቱ ላይ በውስጥ በኩል የስፌት ማሸጊያ ማጣበቂያ ቀብቼ አሳደርሁት። ድንኳን ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፦ ከፋብሪካው ስፌቱ ላይ ቴፕ የተለጠፈበት አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩረቴን የተቀባ ነው። በሲሊኮን የተቀባ ከሆነ ግን ከሲሊኮን ማጣበቂያ በስተቀር ሌላው ሁሉ ተልጦ ይወድቃል።

ዘንጉን ያዳነው እዚያው መንገድ ላይ ያለ ጃንጥላ ጠጋኝ ነው። የታጣፊ ጃንጥላ ዘንግ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ቱቦ ስለሆነ፣ ከስብርባሪዎቹ መካከል በእኛ ዘንግ ላይ ልክክ የሚለው አልታጣም። የጣት ርዝመት ያህል ቆረጠ፤ ጨርቅ እንዳይበሳ ጫፎቹን በሞረድ አለሰለሰ፤ የተጣመመውን ስብራት በፒንሳ አቃንቶ ቱቦውን ከላይ አለበሰውና ሁለቱን ወገን በፕላስተር ጠመጠመው። በውስጡ የሚያልፈው ላስቲክ ገመድ ስላልተነካ ዘንጉ እንደ ድሮው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል።

ዚፑም አልዘጋ ብሎ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን ዚፑን በሙሉ ያስቀይራል፤ ገንዘብ ማባከን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ጥርሱ ሳይሆን ጥርሱ ላይ የሚንሸራተተው መዝጊያ ነው። አሸዋውን በጥርስ ብሩሽ አራግፎ ግራና ቀኙን በፒንሳ ቀስ ብሎ መጫን ይበቃል።

ከሐረር በኋላ ወደ ድሬዳዋ ስለምንወርድ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አልሁ፦ ርጥብ ድንኳን አይታጠፍም። በድሬዳዋ ሙቀት ከነርጥበቱ መኪና ውስጥ የተረሳ ድንኳን ሻጋታ ያበቅላል፤ ሲደጋገም ቅባቱ ይበሰብስና ይጣበቃል፣ ይሸታል። ያን ጊዜ የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች በሙሉ ቢሰበሰቡ አያድኑትም።

የማሸጊያው ቱቦ አንዴ ከተከፈተ አየር ያደርቀዋልና የተረፈውን ለልብስ ሰፊው ሰጠኋቸው። ሸራ ጣሪያው የተቀደደ ባጃጅ ደጃፋቸው ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር። እኛ ዕቃችንን ሳንሸክፍ እርሳቸው ሸራውን በአልኮል መጥረግ ጀምረዋል።