የተንቀሳቀሰው ውርጭ

እኛ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ኅዳር ላይ ሌሊት ተረኛ ስንሆን ዓይናችን ከደጋው አይነሳም። ሰማዩ ከጠራ ውርጭ ይወርዳል፤ ያልደረሰ ባቄላ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል።

አንድ ሌሊት ከሳተላይት የሚወጣው የመሬት ሙቀት ካርታ የደብረ ብርሃንን አካባቢ ከዜሮ በታች አሳየ። አብሮኝ ያደረው ወጣት ባለሙያ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ጀመረ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ግን «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ምስሎቹን አከታትለህ አሳየኝ» አሉት።

የአየር ሁኔታ ሳተላይታችን ሜቲዮሳት በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካል። አከታትለን ስናይ ቅዝቃዜው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ ነው። «መሬት አይሄድም» አሉ ጋሼ።

ሲረስ ነበር፤ በጣም ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ ከበረዶ ቅንጣት የተሠራ ስስ ደመና። ወፍራም ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ራሱ ለይቶ ያወጣው ነበር። ስስ ሲሆን ግን የመሬቱን ሙቀት በከፊል ያሳልፋል። ያ ሙቀት ከደመናው ብርድ ጋር ተደባልቆ ሳተላይቱ ጋ ሲደርስ የቀዘቀዘ መሬት ይመስላል።

ሳተላይቱ ከመሬትና ከደመና የሚወጣውን የሙቀት ጨረር በተለያየ የሞገድ ርዝመት ለየብቻ ያነባል፤ እያንዳንዱን ንባብ ቻናል እንለዋለን። ጋሼ ከ10.8 ማይክሮሜትር ቻናል ላይ የ12.0ውን አስቀነሱ። በረዶ በ12.0 ላይ ጨረር ይበልጥ ይውጣል። ስለዚህ ስስ ሲረስ ባለበት የሁለቱ ንባብ ይራራቃል፤ ጥርት ባለ ደረቅ ደጋ ላይ ግን ይቀራረባል። ደመናው ቁልጭ ብሎ ወጣ። አዲሱ ሜቲዮሳት ለሲረስ የሚሆን የ1.38 ማይክሮሜትር ቻናል አለው፤ ግን የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ ለሌሊት ውርጭ አይደርስልንም።

ከዚያ ጋሼ ወደ ምልከታ ጣቢያው ደወሉ። ተረኛው ቴርሞሜትሩን አንብቦ «ከዜሮ በላይ ነው ጋሼ። በጨረቃዋ ዙሪያም ሰፊ ቀለበት ይታያል» አላቸው። ቀለበቱን የሚሠራው ያው የበረዶ ቅንጣት ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ደመና ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት በከፊል ወደ ታች ይመልሳል። ካርታው ቀዝቃዛ ያለው ቦታ በደመናው ምክንያት ብርዱ ቀለል ብሎለት ነበር። የሚያሰጋው ከኋላው የሚመጣው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ደመናው በአካሄዱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ደጋውን ለቆ ይሄዳል፤ እስኪነጋ ገና ብዙ ሰዓት አለ።

ወጣቱ ማስጠንቀቂያውን እንደገና ጻፈው። ቀድሞ ጥርት ያሉትን የምዕራብ ወረዳዎች ከላይ አስቀመጠ፤ ለደብረ ብርሃን አካባቢ ደግሞ «ወደ ንጋት» የሚል ጨመረበት።