ውሃ ሳይጠማው የሚጠወልግ ተክል

ቅጠሉ ተንጠልጥሎ አገዳው ጎብጦ ሲታይ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ውሃ ማጠጫው ነው። ከማጠጣታችሁ በፊት ግን ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደርቆ ካገኛችሁት ተክሉ ተጠምቷል፤ አጠጡት፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ከጠወለገ ግን ሥሩ ታፍኗል። እዚያ ላይ ውሃ መጨመር የሰጠመን ሰው ውሃ እንደ ማጠጣት ነው።

ሥር ይተነፍሳል። ቤት ውስጥ ተክል ማሳደግ የሚጀምር ሰው ስለ ማዳበሪያ ከመጨነቁ በፊት ይህችን ነገር ቢይዛት ሌላው ሁሉ ይቀለዋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ትንንሽ ክፍተቶች አሉ። ስታጠጡ ክፍተቶቹ በውሃ ይሞላሉ፤ ውሃው ሲንጠፈጠፍ ደግሞ አየር ተከትሎት ይገባል። ሥሩ ኦክሲጅን የሚያገኘው ከዚያ አየር ነው። ክፍተቶቹ ለቀናት በውሃ እንደተሞሉ ከቆዩ ሥሩ ይዳከማል፣ እንደ ፒቲየም ያሉ ውሃ ባዘለ አፈር የሚራቡ ተሕዋስያን ያጠቁታል፣ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ መሃል ቆሞ ቅጠሉ ውሃ ያጣል። ባለቤቱ ጠውልጎ ሲያየው ይጨምርለታል፣ የተረፈው ሥርም ይበሰብሳል። ብዙ የቤት ውስጥ ተክል የሚሞተው እንዲህ በደግነት ነው።

"በሳምንት ስንት ጊዜ ላጠጣ?" የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለውም። አንዱ ዓይነት ተክል ብርሃን የሚበዛበት መስኮት አጠገብ ሲሆን በአራት ቀን አፈሩ ይደርቃል፣ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ግን ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የሸክላ ቫዞ በግድግዳው በኩል እርጥበት ስለሚያስወጣ ከፕላስቲክ ቶሎ ይደርቃል። ትንሽ ቫዞ ከትልቅ፣ ሞቃት ቀን ከቀዝቃዛ ይለያል። ቀን ቆጥራችሁ አፈሩን ለመፈተሽ አስታውሱ እንጂ ቀን ቆጥራችሁ አታጠጡ።

ለመፈተሽ ሌባ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ፣ ማለትም ወደ 5 ሴንቲሜትር ገደማ አስገቡ። ላይኛው አፈር ደርቆ ከሥሩ ጭቃ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ በዓይን ማየት አይበቃም። ጥልቅ ለሆነ ቫዞ ቀጭን ደረቅ እንጨት እስከ ታች ሰክታችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተዉት፤ ሲወጣ ከጠቆረ ወይም አፈር ከተለጠፈበት ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ክብደት ነው። አጠጥታችሁ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ቫዞውን አንስታችሁ ክብደቱን ያዙ፤ በየሁለት ቀኑ እንደገና አንሱት። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በወር ውስጥ እጃችሁ ራሱ ይለምደዋል።

ምን ያህል ይድረቅ የሚለው እንደ ተክሉ ነው። ሐረግ የሆነው ፖቶስና ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም የሆነው ስፓይደር ፕላንት ላይኛው 3 ሴንቲሜትር ሲደርቅ ይጠጣሉ። ሰላም አበባ የሚባለው፣ ማለትም ፒስ ሊሊ፣ ያን ያህልም አይጠብቅም፤ ከላይ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ከደረቀ በቂ ነው። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሳንሴቬሪያ፣ አገዳው ወፍራም የሆነው ዚዚ ፕላንትና እሬት ግን በቅጠላቸው ወይም ከአፈር ሥር ባለው አካላቸው ውሃ ያጠራቅማሉ። እነሱን የምታጠጡት አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው። ከተጠራጠራችሁ አንድ ሳምንት ጨምሩ። ሳንሴቬሪያ ከጥማት ይድናል፤ ከብስባሴ ግን ብዙ ጊዜ አይድንም።

ስታጠጡ ደግሞ በደንብ አጠጡ። በዝግታ፣ ዙሪያውን፣ ውሃው ከቫዞው ታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጠብ ማድረግ ሁለት ጥፋት አለው፦ የታችኛው ሥር ምንም አይደርሰውም፣ ላይኛው አፈር ደግሞ ሳይደርቅ ይኖርና ጥቃቅን ዝንቦችን ይጠራል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ከሥር ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ድፉት። ከመጠን በላይ የደረቀ አፈር ላይ ውሃው ሳይሰርግ በቫዞው ጠርዝ ተንሸራቶ በአንዴ ከወጣ "ጠጥቷል" ብላችሁ አትለፉት። አፈሩ ተኮማትሮ ከቫዞው ግድግዳ ስለተላቀቀ ውሃው መሃሉን አልነካውም። ቫዞውን እስከ ግማሹ ድረስ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ አስቀምጡት፤ ላይኛው አፈር ሲረጥብ አውጥታችሁ አንጠፍጥፉት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቫዞው ቀዳዳ ካለው ነው። ቀዳዳ የሌለውን ቆንጆ ቫዞ ከወደዳችሁት ተክሉን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ ክተቱበት፤ ስታጠጡ አውጡት፣ ሲንጠፈጠፍ መልሱት። ከሥር ጠጠር መደልደል ቀዳዳን ይተካል የሚለው ምክር በጣም ተስፋፍቷል፣ ግን ስህተት ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ በላዩ ያለው አፈር ጠጥቶ እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ጠጠሩ ያደረገው እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ማቅረብ ነው። ቀዳዳው አፈር እንዳያፈስ ከፈለጋችሁ ቁራጭ ወንፊት መረብ አንጥፉበት፣ ይበቃል።

ከግቢ የተቆፈረ አፈር ብቻውን ቫዞ ውስጥ አይሆንም። መሬት ላይ ትልና ሥር እየሰነጠቁት አየር ያገኛል፤ ቫዞ ውስጥ ግን በጥቂት ወራት ተጠቅጥቆ እንደ ጡብ ይሆናል። ለአብዛኛው ባለ ቅጠል ተክል የሚስማማው ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የችግኝ አፈር ከአንድ እጅ ፐርላይት ወይም ፑሚስ (ሁለቱም ቀላል፣ አየር የሚይዙ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪዎች ናቸው) ወይም ሻካራ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ለእሬት፣ ለሳንሴቬሪያና ለቁልቋል ዓይነቶች እኩል በእኩል አድርጉት። አሸዋው ሻካራ ይሁን ስል የሩዝ ስባሪ የሚያህል ቅንጣት ያለው ማለቴ ነው፤ ደቃቅ አሸዋ ክፍተቶቹን ይደፍንና ነገሩን ያብሳል። ድብልቁን ለመፈተን ትንሽ አርጥባችሁ በጭብጣችሁ ጨምቁት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ስትነኩት ከፈረሰ ጥሩ ነው። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ሻካራውን ጨምሩበት።

አሁን ወደ ብርሃን። ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ማዳበሪያ "የተክል ምግብ" መባሉ ብዙ ሰው አሳስቷል። የሰው ዓይን ደብዛዛ ብርሃንን ቶሎ ስለሚለምድ ክፍሉ ብሩህ መስሎ ይታየናል፣ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ራቅ ሲባል ግን ብርሃኑ በእጅጉ ወርዷል። ቀላል መለኪያ አለ። ቀትር አካባቢ ተክሉ በሚቀመጥበት ቦታ ነጭ ወረቀት ዘርጉና እጃችሁን በ30 ሴንቲሜትር ከፍታ ያዙበት። ጥላው ጠርዙ ጥርት ካለ ብርሃኑ ብዙ ነው፤ የእጅ ቅርጽ ኖሮት ከደበዘዘ መካከለኛ ነው፤ ጥላው ጨርሶ ካልለየ እዚያ የሚያድግ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዚዚና ሳንሴቬሪያ ደብዘዝ ባለ ቦታ ይቆያሉ፤ ይቆያሉ እንጂ አይወዱትም። ተክሉን ሳምንት ሳምንት ሩብ ዙር አዙሩት፣ አለበለዚያ ወደ መስኮቱ ብቻ ይጎብጣል። ጥግ ላይ የኖረን ተክል በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ ቅጠሉ ይነጣል፣ የተቃጠለው ቦታም ተመልሶ አይለመልምም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ አስጠጉት።

ብርሃንና ውሃ የተያያዙ መሆናቸውን ልብ በሉ። ብርሃን ያነሰው ተክል እድገቱ ይዘገያል፣ የሚጠጣውም ያንሳል፣ አፈሩም እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። "እንደ በፊቱ ነው የማጠጣው፣ ቦታውን ብቻ ነው የቀየርኩት" እየተባለ ተክል የሚሞትበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሥሩ መበስበስ ከጀመረ ሳትፈሩ አውጥታችሁ እዩት። ቫዞውን ጋደም አድርጋችሁ ጎኑን መታ መታ አድርጉ፣ ግንዱን ሳትጎትቱ አፈሩን በመዳፋችሁ ደግፋችሁ አውጡት። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም ቀለም አለው፣ ሲነካም ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ስትስቡት ቆዳው እንደ ካልሲ ተገፎ በውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። መጥፎ ሽታም አለው። መቀሱን በአልኮል ጠርጋችሁ የበሰበሰውን ሁሉ ጤነኛው እስኪታይ ቁረጡ። እርጥቡን አፈር አራግፉ፣ እንደገናም አትጠቀሙበት። ግማሽ ያህል ሥር ከሄደ ከቅጠሉም ቀንሱ፤ የቀረው ሥር ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። የቀረውን ሥር ልክ በሚይዝ፣ ብዙውን ጊዜ ከቀድሞው ባነሰ ቫዞ፣ በአዲስ ድብልቅ ትከሉት። አንድ ጊዜ አጠጡትና ቀጥታ ፀሐይ ከማይመታው ብሩህ ቦታ አኑሩት። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ማዳበሪያ አትስጡት። የግንዱ መነሻ ራሱ ለስልሶ ከተልሞሰሞሰ ሥሩን ተዉትና ከላይ ጤነኛውን ቆርጣችሁ አባዙ።

ጤነኛ ተክል ቫዞ የሚቀየርለት ሥሩ በቀዳዳው ሲወጣ ወይም ውስጡን ዙሪያውን ሲጠመጠም ነው፤ ለአብዛኛው በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ። አዲሱ ቫዞ ከአሮጌው ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ብቻ ይስፋ። "ቶሎ እንዲያድግ" ብሎ በትልቅ ቫዞ መትከል ሥር ያልደረሰበትን፣ ማንም የማይጠጣውን እርጥብ አፈር መጨመር ነው። ከላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ተዉ፣ ውሃው እንዳይፈስ። ማዳበሪያም በልክ ነው፦ በሚያድግበት ወቅት በወር አንዴ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በግማሹ፣ ያውም ቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ። አፈሩ ላይ ወይም ቫዞው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ጨው ተጠራቅሟል፤ ማዳበሪያውን አቁሙና ብዙ ንጹሕ ውሃ እያሳለፋችሁ እጠቡት።

ተባይን በጊዜ የሚያገኘው ቅጠሉን ገልብጦ የሚያይ ሰው ነው። ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር፣ ከላይ ደግሞ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጥቃቅን ቢጫ ነጥብ ካለ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ነው፤ ደረቅና ሞቃት አየር ይወዳል። ተክሉን ከሌሎቹ ለዩት፣ ቅጠሉን ከሥርም ከላይም በውሃ እጠቡት፣ ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ እስኪንጠባጠብ ርጩት። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅጠል ያቃጥላል፣ አትሞክሩት። ፈሳሹንም ቢሆን መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ ቀን አሳድሩት። እንቁላሉ በሳሙናው ስለማይሞት በየ5 እስከ 7 ቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው አንዴ ረጭቶ ስለሚተው ነው። በቅጠሉ ብብት ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ በ70 ፐርሰንት አልኮል የተነከረ ጥጥ እየነካካችሁ አንሱት። ከአፈሩ ብር እያሉ የሚነሱት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ደግሞ እጫቸው የሚኖረው እርጥብ በሆነው ላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ተክሉ እስከቻለው ድረስ አፈሩን አድርቁ፣ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ስቀሉ።

የመጀመሪያ ተክላችሁ ፖቶስ ቢሆን እመክራለሁ። ሲጠማው ቅጠሉን ጣል አድርጎ ይናገራል፣ ሲጠጣ ቀና ይላል፣ በቀላሉም ይባዛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ፖቶስ፣ ፒስ ሊሊና ዚዚ ውስጣቸው አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል ስላለ ሕፃንና ድመት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ።

ለማባዛት ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ሐረግ ምረጡ። ቅጠሉ ከሐረጉ በሚነሳበት አንጓ ላይ ትንሽ ቡናማ ጉብታ ታያላችሁ፤ ሥር የሚወጣው ከዚያ ነው። ከአንጓው 1 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ፣ ታችኛውን ቅጠል አንሱ፣ አንጓውን ብቻ ውሃ ውስጥ አድርጉት። አንጓ የሌለው ቅጠል ብቻውን ውሃ ውስጥ ወራት ቢቆይ አዲስ ሐረግ አይሆንም። ውሃውን በየ4 ወይም 5 ቀኑ ቀይሩ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። ሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲሆን ትከሉት፣ ከዚያ በላይ አታቆዩት። ውሃ ውስጥ ያደገ ሥር አፈር እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ፣ ከላይ ካልነው በተለየ፣ አፈሩ ጭቃ ሳይሆን እርጥበቱን እንደያዘ ይቆይ። አዲስ ቅጠል መፈታት ሲጀምር ወደ ጣት ፍተሻው ተመለሱ።