ነይ፣ ቦታ አለ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሀገር ቤት ያላችሁ፣ በሰው ሀገር ያላችሁ፣ ጾሙን እስከ መጨረሻ የዘለቃችሁ፣ ሕመም ያልፈቀደላችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን አብሮ አደረሰን።

ይህን የምጽፈው ሚያዝያ 23 ቀን 2013፣ ቀዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ ነው። ቄጤማው ግንባሬ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ከረፋዱ ጀምሮ ምድጃ ላይ ነው። እናቴ ብትኖር «አትቸኩዪበት፣ ገና ነው» ትለኝ ነበር። ወጥ ቤት መግባት ካቆመች በኋላም ወጡን ከአልጋዋ ሆና በጠረኑ ብቻ ትቆጣጠረው ነበር።

ያለ እሷ የመጀመሪያዬ ፋሲካ ነው። ያረፈችው ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ኮሮና አልነበረም፤ ልቧ ነው። በዚያ ሰሞን ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ስለነበር፣ አሁንም ማንም ሳይጠይቀኝ ቀድሜ እመልሳለሁ።

የአምናውን ፋሲካ ታስታውሱታላችሁ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን ቁጥር እየጠበቅን ነበር የምንውለው። በሰሞነ ሕማማት መሳሳም እንደሌለ ልጅ ሆነን ነው የተማርነው። አምና ግን ሕማማቱ ሳይገባ ወር ሙሉ መሳሳም ቀርቶ ነበር፤ ትንሣኤው መጥቶም አልተፈታልንም።

ሆሳዕና ሚያዝያ 4 ዋለ። አዋጁ ከወጣ ገና አራት ቀኑ ነው። ነጠላዬን ለብሼ በጠዋት ወጣሁ። ቢያንስ ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር እቆማለሁ ብዬ ነበር። በሩ ዝግ ነው። ውስጥ ያሉት እንዲያገለግሉ የተመደቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው። ጥበቃው በትሕትና «እኅቴ፣ ከዚያው ሆነሽ ተሳለሚ» አለኝ። ከኔ በፊት የመጡ ሴቶች ተራርቀው ግንቡን ይዘው ቆመዋል። ደጁን መሳም እንኳ አልተቻለም። እጄን ወደ በሩ ዘርግቼ መልሼ ከንፈሬ ላይ አደረግሁትና እያለቀስሁ ተመለስሁ።

እናቴ እንባዬን አይታ ማን እንደሞተ ጠየቀችኝ።

«ማንም አልሞተም። በሩን ዘግተውታል እማዬ፣ አላስገቡኝም» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «እኔ እኮ ስድስት ዓመቴ ነው» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ሰዓት ተጠይቃ እንደምትመልስ ሰው ነው የተናገረችው። ቀጥላም በደህናው እጇ የአልጋዋን ጠርዝ መታ መታ አድርጋ «ነይ፣ ቦታ አለ» አለችኝ።

በ2006 ነው ግራ ጎኗን ያጣችው። ከዚያ በፊት የማለዳ ኪዳን የማይቀርባት ሴት ነበረች። ከወደቀች በኋላ እኔ በሷ ፈንታ እሄድ ነበር፤ ጠበሉን በጠርሙስ አመጣላታለሁ፣ ማን እንዳስተማረ እነግራታለሁ። የሷ እሑድ እኔ ስመለስ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን በቆየሁባቸው ሰዓታት እሷ ምን ስታደርግ እንደምትቆይ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

በዚያ ሳምንት አየሁት። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝ ያለችው ፀሐይ ፈልጋ ይመስለኝ ነበር፤ የሚካኤል ድምፅ ማጉያ ጥርት ብሎ የሚሰማው ግን ከዚያች ማእዘን ነው። ከአልጋው ግርጌ የታሰረች ከአሮጌ ጋቢ የተቀደደች ገመድ አለች። ለምግብ ቀና የምትልባት ነበር የምትመስለኝ። የጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ገመዷን በቀኝ እጇ ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ከትራሱ ተነሣች። በየ«ተንሥኡ»ው ትነሣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሳያያት፣ እንዲህ ስትነሣ ነበር።

ያን ቀን ልቀመጥ ስል እግሬን አየችና «ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ። ያደግሁበት ክፍል ነው፣ የእናቴ አልጋ ጠርዝ ነው። አወለቅሁ።

ስቅለት ዕለት ግቢያችን ውስጥ ያለን ዘጠኝ አባወራ ሁላችንም በየደጃፋችን ነበርን። አንዱ ሰሌን፣ አንዱ ጆንያ፣ አንዱ የልጁን ብርድ ልብስ አንጥፏል። የግቢያችን ሽማግሌ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ከቧንቧው አጠገብ ባለው ሲሚንቶ ላይ ምንም ሳያነጥፉ ይሰግዳሉ። በ3፣ በ6፣ በ9፣ በ11 ሰዓት ከሚካኤል የሚመጣውን ድምፅ እየተከተልን «ኪርያላይሶን» እያልን ወደቅን ተነሣን። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ በራሷ ትሰግዳለች። 9 ሰዓት ላይ አንገቷ ደከመና ቀጥ ብላ ተኛች። አቆመች ብዬ ጠጋ ስል ዓይኗን ስትከድንና ስትገልጥ አየኋት። «በዓይን ሽፋኔ እሰግዳለሁ» አለችኝ፤ «እሱ መቼ ጠፋበት።»

ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ኢየሩሳሌምን አየን። የጌታ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። በየዓመቱ ከሀገራችን የሚጎርፈው ተሳላሚ የለም፤ ብርሃኑ በጥቂት ካህናት መካከል ሲወጣ አደባባዩ ጭር ብሏል። ኢየሩሳሌምን መሳለም የልጅነት ስለቷ ነበር፤ አልሆነላትም። ታዝናለች ብዬ ልዘጋው ስል ያዘችኝ። «መቃብር ክፈቱልኝ፣ መግነዝ ፍቱልኝ ሳይል አይደል የተነሣው? በር ቢዘጋ ምን ይሆናል?» አለችኝ።

ሌሊት፣ የሚካኤል ደወል ሲደወል፣ ወደኔ ዞረች። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አለች።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አልኩ።

«አሰሮ ለሰይጣን።»

«አግዐዞ ለአዳም።»

«ሰላም» አለች።

ዝም አልኩ። ጠፋብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ የመለስሁት ነው፤ ለካ የመለስሁት በሺሕ ሰው ድምፅ ውስጥ ሆኜ ነው። ሕዝቡ ይመልሳል፣ የኔ አፍ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ብቻዬን ስጠየቅ ቃሉ አፌ ውስጥ የለም። እናቴ አልተቆጣችም። ጠበቀችኝና «እምይእዜሰ» አለች፤ ከእንግዲህስ ማለት ነው፤ ከዚያም «ከመጀመሪያው እንበለው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አልነው። በሦስተኛው እስከ «ፍሥሐ ወሰላም» ድረስ ሳልሰናከል ደረስሁ። «አሁን ነው የሆነልሽ፣ ዶሮውን አምጪ» አለች።

ከሕዝብ ጋር የማውቀውን ሃይማኖት ብቻዬን ስሆን እንደማላውቀው ያን ሌሊት ነው የገባኝ። ስብሰባው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ዕጣኑን፣ ጽናጽሉን፣ የሰው ትከሻ ከሰው ትከሻ ጋር ሲነካካ የሚመጣውን ሙቀት እናፍቅ ነበር፤ እናቴም ትናፍቅ ነበር። ግን እሷ ከናፍቆቱ ጋር ስድስት ዓመት ኖራ ውስጡ ቤት ሠርታበት ነበር፤ እኔን ወደዚያ ቤት ነው ያስገባችኝ። አራት ወር ብቻ ቆየችልኝ።

ቀብሯን እንዳሰብኩት አልቀበርኳትም። ትከሻ ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ቀርቶ ነበር። ሰው ከበር ላይ ሆኖ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎኝ ይመለሳል፤ ግማሹን በጭንብሉ ምክንያት ማን እንደሆነ እንኳ አላወቅሁትም። እናንተ በር ላይ ቆማችሁ የተመለሳችሁ ሁሉ፣ አይቻችኋለሁ፤ ባላውቃችሁም አይቻችኋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የእድራችን ሰዎች፣ ሌላው በሚፈራበት ቀን ሬሳዋን በትከሻችሁ የተሸከማችሁ፣ ምን ብዬ ልመስግናችሁ? አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እኅቴ የቀብሩን ሥርዓት ስልክ ከፍተህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ክንድህን ሳታጥፍ ያሳየሃት ወንድሜ፣ እሷ ዛሬም ስታነሣህ ታለቅሳለች። እነሱም ጋ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ቅዳሴውን በስልክ ነበር የሚከታተሉት፤ የእናቷን ፍትሐትም በዚያው ስልክ ነው የሰማችው።

የንስሐ አባታችን፣ መምጣት ሲከለከሉ በየእሑዱ ደውለው በስልክ የጸለዩላት፤ «መስቀሉን ወደ ስልኩ አስጠግቼዋለሁ፣ ተሳለሚ» ሲሏት ስልኩን ትስመው ነበር። ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊትም፣ ማንም ስለ ቤት መዋል በማያወራበት ዘመን፣ ዳገቱን በእግርዎ እየወጡ ይመጡላት እንደነበር አልረሳም። ጎረቤታችን ዲያቆን፣ በዚያ ሰሞን ውስጥ ከተመደቡት ጥቂቶች አንዱ የነበርከው፣ ሕማማቱን ጨርሰህ ስትመጣ መጀመሪያ መስኮቷ ሥር ቆመህ «እማማ፣ ድምፃችን ተሰማዎት?» ያልካት፣ ያቺን ጥያቄ እስክትሞት ታወራት ነበር። የማዶዋ ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ቄጤማ ከየትም ጠፍቶ ከወንዙ ዳር አስቆርጠሽ በራችን ላይ አስረሽ የሄድሽው፣ ዘንድሮ የኛ ፍስክ በናንተ ረመዳን ውስጥ ገጠመ። የአንቺን ድርሻ ለማፍጠሪያሽ አስቀምጬልሻለሁ፤ ከጾም ምግቡ ነው፣ አትጨነቂ።

አሁን ደስታዬ ውስጥ የሚቆረቁረኝን ልናገር። ደጁ ሲዘጋብን ሁላችንም «ቤታችንን ቤተ ክርስቲያን እናድርግ» ስንባባል ነበር። ደጁ ሲከፈት ሮጠን ሄድን፤ መሄዳችን ደግ ነው። ግን ቤታቸው ቤተ ክርስቲያን ሆኖ የቀረውን ሰዎች እንደገና እዚያው ጥለናቸው ሄድን። በየሰፈሩ አልጋው ወደ መስኮት የተጠጋ ሰው አለ። ለሱ አዋጅ አልወጣለትም፣ አዋጁም አልተነሣለትም።

ሁለተኛው ነገር ጭንብሉ ነው። በሽታው ገባ በተባለ በዓመቱ፣ በዚያው መጋቢት 4፣ ክትባቱ ተጀመረ፤ ደስ አለን፣ እናም ጭንብላችንን አወለቅን። በነዚህ ሁለት ወራት ኦክስጅን ፍለጋ የተንከራተተ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ ሌሊት የምትሄዱ፣ እባካችሁ ጭንብላችሁን አድርጉ፤ ከጎናችሁ የምትቆመው የአንድ ሰው እናት ናት።

በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ስልኩ አልገባ ብሏችሁ ወላጆቻችሁን እንኳን አደረሳችሁ ማለት ላልቻላችሁ፣ ለናንተ የሚሆን ቃል ፈልጌ አጣሁ። ስማችሁን እየጠራሁ እጸልያለሁ።

አባባ ጥር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ያ ሲሚንቶ ላይ የሚሰግዱት ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ልጆቻቸው ዛሬ ሌሊት ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ እኔ እንዲሄዱ ለምኛቸዋለሁ። የእናቴን ገመድ ፈትቼ ትናንት አልጋቸው ግርጌ አሰርኩላቸው። ዶሮውን ይዤ፣ ጫማዬን በራቸው ላይ አውልቄ፣ መስኮቱን ከፍቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ደወሉ ሲደወል እሳቸው «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይላሉ። እኔ እመልሳለሁ፤ አሁን እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ።