ሻይ በበርጫ መሐል

የድባቴ ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ራሴን የምንከባከብበት መንገድ ከድሬዳዋ ሙቀትና ልማድ ጋር መስማማት ነበረበት። ቀትር ላይ ዐርፋለሁ፤ የእግር ጉዞዬን ግን ፀሐይዋ ስትበርድ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አደርገዋለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ በርጫው፣ ከጓደኞች ጋር ተሰብስቦ ጫት መቃሙ ነው። ዛሬም ጓደኞቼ «አቦ፣ አትቅርብን እንጂ!» ብለው ደወሉልኝ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍን እንደሚያዛባ፣ ምርቃናው ሲለቅም ጭንቀትንና ድብርትን ሊያባብስ እንደሚችል ሐኪሜ ስላስረዳኝ፣ ቅጠሉን ሳልነካ ከእነርሱ ጋር ሻይ ጠጥቼ ለመመለስ ወሰንኩ። በእኛ ከተማ ከበርጫ መራቅ ከሰው መራቅ ነው፤ ብቸኝነት ደግሞ ለሕመሜ ከጫቱ የሚሻል አይደለም። (ያለ ጫት መቀመጥን እንደ ንቀት የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ እርሱን ችላ ብዬዋለሁ።)

ከመካከላቸው አንዱ መድኃኒቱን ለምን እንደማልተወው ጠየቀኝ። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ፣ ተሻለኝ ተብሎም ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት እንደማይቋረጥ ነገርኩት። ታናሽ እህቱ ከቤት መውጣት ካቆመች መቆየቷን የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ሰኞ አብረን ሐኪም ዘንድ እንወስዳታለን።