የፈረስ ጉልበትና የኮሮላዋ ሞተር

ጎንደር አዘዞ ባለው ጋራዣችን አንድ ደንበኛ የቆየች ኮሮላቸውን አምጥተው ሞተሯ እንዲቀየር ጠየቁ። የነበራት ሞተር 75 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ያገኙላት ደግሞ 110። ሻጩ ፍጥነቷም በዚያው ልክ እንደሚጨምር፣ 150 የምትሮጠው ከ200 እንደምታልፍ አሳምኗቸዋል። ሰው ለማያገኘው ነገር ገንዘቡን ሲያወጣ ዝም ብዬ ማየት አልወድም። መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው።

"ጋሼ፣ ሜዳ ላይ የሩጫ ዋና ጠላት አየር ነው" አልኳቸው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ፣ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የፈረስ ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጉልበቱ በግማሽ ያህል ቢጨምር ፍጥነቱ ከመቶ 14 ገደማ ቢጨምር ነው፤ 150 የነበረው 170 ይደርሳል። ያውም ካምቢዮው ከፈቀደ። የመጨረሻው ማርሽ አጭር ከሆነ ሞተሩ ዙሩን ጨርሶ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትፈጥንም። ደጃችን ላይ የቆመውን ሲኖትራክ አሳየኋቸው፤ 371 የፈረስ ጉልበት ይዞ ኮሮላዋ ሜዳ ላይ ጥላው ትሄዳለች። እሱ የተሠራው ለጭነት ነው።

"ታዲያ የተጨመረው ጉልበት ምን ይሠራልኛል?" አሉ።

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ነው። ከነተሳፋሪዎቿ 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና፣ በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመውጣት፣ ለዳገቱ ብቻ 27 ያህል የፈረስ ጉልበት ትፈልጋለች። ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። 75ቱ 60 ሆነ ማለት ነው። ሜዳ ላይ የሳሳው አየር ተቃውሞውንም ስለሚቀንስ ብዙው ይካካሳል፤ ዳገት ላይ ግን የመኪናዋ ክብደት አይቀንስም።

"እኔን ያስቸገረችኝም ወደ ኮሶዬ ስወጣ ነው" አሉ።

እንግዲያው ሞተሩ ይጠቅማቸዋል። የፊት ፍሬኑ አብሮ ካልተቀየረ ግን እንደማልሠራ ነገርኳቸው። ከ170 ላይ ለመቆም ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀት ከ150ው በሩብ ገደማ ይበልጣል፤ የኮሶዬ ቁልቁለትም አለ። ዋጋውን ሲሰሙ ትንሽ አጉረመረሙ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም አሠሩ።