የንፋስ ዓይን

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው። የሆነ ነገር ኖሮ አይደለም። ቀኑ ገና ሳይጀምር ጨለመ፣ በቃ። ማታ ደረጃው ላይ ያቺ የታች ጎረቤቴ አገኘችኝና እንደ ልማዷ መስኮቱን ከፍተሽ ቤቱን አናፍሺው እንጂ አለችኝ። ካልተናፈሰ ግድግዳው ይሻግታል ነው የምትለው። የዚህ አገር ሰው በበረዶም ቢሆን ከዚህ ነገር አይመለስም።

ገባሁና ከፈትኩት። ብርዱ ፊቴን ሲገርፈኝ የእማዬ ድምፅ መጣብኝ። «ዝጊው፣ ንፋስ ይመታሻል!» አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ በዚህ ስንቱ ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ። ሁላችንም በሙቀት እያለቅን አንዱ የግድ ዝጉት ይላል።

እዚያው እንደቆምኩ መስኮት የሚለው ቃል ራሱ ያዘኝ።

ጀርመኖች ፌንስተር ይላሉ። ከሮማውያን የወሰዱት ነው፣ በላቲን ፌኔስትራ። ግንብ የሚሉበት ማወር፣ ጡብ የሚሉበት ጺገል፣ እነሱም ከላቲን ናቸው። በእንጨትና በጭቃ ይሠራ የነበረ ሕዝብ የድንጋይ ቤት ሲያይ ነገሩን ከነስሙ ወሰደው፣ እኛ ፌርማታንና ጎሚስታን ከጣሊያን ከነስማቸው እንደተቀበልነው።

የእንግሊዞቹ ዊንዶው ግን ከቫይኪንጎች ነው የመጣው። ቪንዳውጋ። ቪንድ ንፋስ፣ አውጋ ዓይን። የንፋስ ዓይን! ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። የእነዚያ ሰዎች ቤት መስታወት አልነበረውም፣ ጭሱ የሚወጣበትና ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው የነበረው። ዴንማርኮችና ኖርዌዮች ዛሬም በዚሁ ስም ይጠሩታል፣ አየርላንዶችም ፊኖግ ብለው ወስደውታል። እንግሊዞች ከዚያ በፊት የራሳቸው ቃል ነበራቸው፣ ትርጉሙም የዓይን ቀዳዳ። ንፋሱ መጥቶ ቀዳዳውን አስጣላቸው፣ ዓይኑ ግን ቀረ።

ስፔኖችም ቬንታና ሲሉ ውስጡ ያለው ንፋስ ነው። ራሽያና ፖላንድ ኦክኖ ይላሉ፣ እሱ ደግሞ ኦኮ ከሚለው፣ ከዓይን ነው። ለፖርቹጋሎች ትንሽ በር ናት፣ ዣኔላ። ለግሪኮች ከበሩ አጠገብ ያለ ነገር። አንድ የግድግዳ ቀዳዳ ነው እኮ። አንዱ የሚገባበትን ቆጠረ፣ አንዱ የሚያይበትን፣ አንዱ በር ሳይሆን የቀረውን።

እና እማዬ ታወሰችኝ። የሳሎኑን መስኮት ከፍታው አታውቅም ማለት ይቻላል፣ ንፋሱን ትፈራለች። ግን ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው እዚያው ነው። መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጥ አድርጋ የግቢውን በር ታያለች። ትምህርት ቤት ሳለሁ ገና ከመዞሪያው ብቅ ስል ታየኝ ነበር። እስክገባ ቡናው ቀርቦ ይጠብቀኛል፣ አንኳኩቼ አላውቅም። አሁንም እዚያው እንደምትቀመጥ ታናሼ ነግሮኛል። ማንን ነው የምትጠብቀው ብዬ አልጠየቅኩትም።

የኔ መስኮት የሚያሳየኝ የማዶውን ሕንፃ ግድግዳ ነው። ከመዞሪያው የሚመጣ ሰው አይታይበትም።

ይኸው እስካሁን አልዘጋሁትም፣ እጄ ደንዝዟል። ነገ ስደውልላት እጠይቃት ይሆን? እማዬ፣ መስኮት ላንቺ ንፋስ ነው ወይስ ዓይን?